የተቃጠለ ጸጉር አይጠገንም

በጅማ ከተማ ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ያለውን መንገድ የሚሄድ ሰው፣ ወይም በአጋሮና በሊሙ ገነት ዋና ጎዳና የሚያልፍ መንገደኛ፣ የሴቶች የውበት ሳሎኖችን ማስታወቂያ ቢያነብ አንድ ቃል ደጋግሞ ያገኛል፤ «ትሪትመንት»። አንዳንዱ ደግሞ ቃሉን ፈታ አድርጎ «የተጎዳ ጸጉር እንጠግናለን» ብሎ ይጽፈዋል። ቃሉ ከሐኪም ቤት የተዋሰ ነው። የሚሰማው ሰው መድኃኒት ይመስለዋል። ይህ ጸሐፊ ግን ቃሉን በውሸት ይከሰዋል። በኬሚካል የተቃጠለ ጸጉር አይጠገንም። ይሸፈናል፣ ይለሰልሳል፣ ለጥቂት ቀናት ያብለጨልጫል እንጂ አይድንም። የሚሸጥልን ሽፋን ነው፤ የምንከፍለው ግን የፈውስ ዋጋ ነው።

«ኡስታዝ፣ አንተ ቁርኣንህን አስቀራ እንጂ የሴት ጸጉር ምን አገባህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በፊትም ያሉኝ አሉ። የሚያገባኝ የማስቀራቸው ሴት ልጆች ስለሆኑ፣ የቤቴም ልጆች ሴቶች ስለሆኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው ገላ አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠው አማና ስለሆነ ነው። አማና ሲባክን ዝም የሚል መምህር ደግሞ ምን ያስተምራል?

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። ከራስ ቆዳ በላይ የምናየው ዘለላ ሕይወት የለውም። ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ፣ እንደ ጥፍር ያለ ነገር ነው። ሲቆረጥ የማያመን ለዚህ ነው። ሕይወት ያለው ከቆዳው ውስጥ ያለው ሥሩ ብቻ ነው። እጃችንን ቢላ ሲቆርጠን ቁስሉ ራሱን የሚጠግነው ደም ስለሚደርሰው ነው። ለጸጉር ዘለላ ደም አይደርሰውም። አንዴ ከተሰነጠቀ እንደተሰነጠቀ፣ አንዴ ከተቃጠለም እንደተቃጠለ ይኖራል። የጅማ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ በምጣድ ላይ ተቆልቶ የጠቆረን ቡና ወደ ጥሬ ቡና የሚመልስ ባለሙያ ማን አይቶ ያውቃል? ቅቤ ቢቀቡት ያብረቀርቃል፤ ጥሬ ግን አይሆንም።

ጸጉራችን የሚጠቀለለው በከንቱ አይደለም። ከሥሩ ያለው ማብቀያ ቅርጹ የታጠፈ በመሆኑ፣ በፕሮቲኑ መካከል ያሉት የድኝ ማሰሪያዎችም ያንን ቅርጽ ስለሚይዙት ነው። ሪላክሰር የሚባለው ቅባት ሥራው እነዚህን ማሰሪያዎች መበጠስ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይባላል። ስሙ እንግዳ ቢመስልም ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች «ኮስቲክ ሶዳ» የሚሉት፣ የተደፈነ ቱቦም የሚጠረግበት ያው ነው። እርግጥ በቅባቱ ውስጥ ያለው መጠን ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ኃይሉን እንመልከት። ሊቃውንቱ ፒኤች በሚሉት መለኪያ ንጹሕ ውሃ 7 ላይ ይቆማል፤ የራስ ቆዳችን ከ5 በላይ፣ ወደ 5.5 ገደማ ነው። ሪላክሰር 12 እና ከዚያ በላይ ነው። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ኃይሉ በ10 እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ በልጃችን አናት ላይ የምናፈሰው ነገር ከቆዳዋ ተፈጥሮ ምን ያህል የራቀ እንደሆነ አንባቢ ራሱ ያስላው።

«እኔ የምጠቀመው እኮ ኖ ላይ የሚለውን ነው» የሚሉ እህቶች አሉ። ይህ ጽሑፍ በካርቶኑ ላይ በትልቁ ስለሚታተም ብዙዎችን ያታልላል። ትርጉሙ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የለበትም ማለት ብቻ ነው። በምትኩ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ላይ ሌላ ፈሳሽ ይቀላቀልና ጓኒዲን ሃይድሮክሳይድ የሚባል ይፈጠራል። እሱም ማሰሪያ በጣሽ ነው። ቆዳን በመለብለብ ረገድ ይቀል ይሆናል፤ በዘለላው ላይ ግን የካልሲየም ቅሪት ስለሚተው ጸጉሩን ያደርቀዋል። የደረቀው ይሰበራል። ሲሰበር «ትሪትመንት» ይታዘዛል። አዟሪው ያው ሳሎን፣ ከፋይዋም ያቺው ልጅ!

ታዲያ ያ «ትሪትመንት» ምን ይሠራል? በጤነኛ ጸጉር ላይ የውጭኛው ልባስ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የተኛ ነው። ኬሚካሉ ሲያነሣውና ሲያራግፈው ጸጉሩ ይሻክራል፣ እርስ በርሱ ይያያዛል። ክሬሙ ውስጥ ያሉት ዘይቶች፣ ሲሊኮንና የተፈጨ ፕሮቲን በዚያ በተነሣው ቅርፊት ላይ ተለጥፈው ያስተኙታል። ከዚያም ካስክ ውስጥ ያስገቧታል፤ ሙቀቱ ያግዛል። ስትወጣ ጸጉሯ እንደ ሐር ነው፤ ይህን አልክድም። ከጥቂት እጥበት በኋላ ግን ልጥፉ ይሄዳል፤ ስንጥቁ እንደነበረ ይቀራል። በቅርብ ዓመታት «የተበጠሰውን ማሰሪያ መልሶ ያያይዛል» የሚባል ውድ ምርትም መጥቷል። ሪላክሰር ግን ማሰሪያውን ከመበጠስ አልፎ ወደ ሌላ ዓይነት ማሰሪያ ይለውጠዋል፤ ያንን ወደ ነበረበት የሚመልስ አልተገኘም። ሽፋንን በሽፋንነቱ የሚሸጥ ነጋዴ ሐላል ነግዷል፤ ጸጉር እንዳይያያዝና በማበጠሪያ እንዳይነቀል ሽፋን ይጠቅማልና። ሽፋንን ፈውስ ብሎ የሚሸጥ ግን ገዢውን አታልሏል። በእኛ ዘንድ ደግሞ እርጥቡን እህል ከታች ደብቆ ደረቁን ከላይ ያሳየው ነጋዴ ታሪክ በየመድረሳው ይነገራል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን አስገብተው ባገኙት እርጥበት ምን እንዳሉት የማያውቅ ተማሪ የለም።

አሁን ወደ አገራችን ሁኔታ ልመለስ። እነዚህ ቅባቶች ሲሠሩ የታሰቡት ሙቅ ውሃ ከቧንቧ ሳይቋረጥ ለሚወርድበት ቤት ነው። መመሪያቸው ከቆዳ ጋር የሚቆዩበትን ደቂቃ ይወስናል፤ ከዚያም በብዙ ውሃ መታጠብን፣ ቀጥሎ የአልካሊውን ኃይል በሚያጠፋ ልዩ ሻምፑ ደግሞ መታጠብን ያዝዛል። በእኛ ከተሞች ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች እንዳሉ ማን ያጣዋል? ጸጉር ሠሪዋ በጀሪካን የገዛችውን ውሃ በኩባያ እየቆጠረች ታጥባለች። ሦስት ጀሪካን የሚፈልገው አናት በግማሽ ጀሪካን ይታለፋል። ልዩ ሻምፑውም አልቆ በተራ ሳሙና ይተካል። ቅባቱ ታጥቦ ያልወጣ አናት ላይ ፎን ይነፋል፣ ፔስትራ ይሳባል። ልጅቷ ቤቷ ገብታ ተኝታ እንኳ ኬሚካሉ ሥራውን አላቆመም።

ከዚህም የከፋ አንድ አባባል በየሳሎኑ ሰፍኗል፤ «ካላቃጠለ አልያዘም» ይላሉ። ማቃጠል ማለት እኮ ቆዳው እየነደደ ነው ማለት ነው! ሰውነት «አውጡልኝ» ብሎ የሚጮኸውን ጩኸት «ትንሽ ታገሺ» ብሎ ማስታገስ የምን እውቀት ነው? ሰብር ታላቅ ነገር ነው፤ ለኮስቲክ ሶዳ ግን አልታዘዘም።

ይህ ሁሉ በየትም አገር ያለ ነው ሊባል ይችላል። እውነት ነው። ጥቅልል ጸጉርን በኬሚካል የመዘርጋቱ ንግድ የተጀመረው በአሜሪካ፣ በባርነት የተጋዙት አፍሪካውያን ልጆች መካከል ነው። ጋሬት ሞርጋን የተባለው ፈልሳፊ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) የሸጠው ቅባት መነሻው የስፌት መኪና መርፌ ጨርቅ እንዳያቃጥል የተቀመመ ፈሳሽ እንደነበር ይተረካል። ለመርፌ የታሰበው ለሰው አናት ሆነ ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች ጸጉራቸውን የዘረጉት ሥራ ለማግኘት፣ ላለመናቅ፣ በነጮች ከተማ ለመኖር ነበር። እነሱስ ቢያንስ የሚያስገድዳቸው ነበር። እኛን በጅማ ማን አስገደደን? በቡኻሪ በተዘገበ አንድ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኢስራእ ሌሊት ያዩትን ነቢዩላህ ሙሳን ጠይም፣ ረጅም፣ ጸጉረ ጥቅልል አድርገው ገልጸዋቸዋል። አንድ ነቢይ የተሸከመውን ጸጉር «ክፉ ጸጉር» ብሎ ለልጁ የሚያስተምር ወላጅ ከወዴት አመጣው?

የእኛ ጉዳይ ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር ግን አለ፤ ብዕሬን ያነሣሁትም ለእሱ ነው። እኛ ዘንድ ጉዳቱ አይታይም። ሒጃብ ይሸፍነዋል።

እዚህ ላይ እንዳልሳሳት እፈልጋለሁ፤ ጥፋቱ የሒጃብ አይደለም። ሒጃብ የታዘዘው ለእንግዳ ዓይን ነው። እኛ ግን ከእናትም፣ ከአክስትም፣ ከሐኪምም መደበቂያ አደረግነው። ከዓመታት በፊት ካስቀራኋቸው ልጆች አንዷ በጥር ልትዳር በታኅሣሥ ወደ ሳሎን ሄደች። የመኸሩ ቡና ተሸጦ ገንዘብ የሚገኝበት፣ ሠርግ የሚበዛበት ወቅት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ሪላክሰር ተቀባች፤ ብዙም ሳይቆይ በላዩ ላይ ቀለም ተጨመረበት። አናቷ ላይ ቆሰለች። ሠርጉ እንዳይበላሽ ብላ ለማንም አልተናገረችም። ቁስሉ ላይ ሻሽ አስራ፣ በሻሹ ላይ ሒጃብ ደርባ፣ እርጥቡን እንደታፈነ ዋለች አደረች። ነገሩ ሲገለጥ እናቷ ቅቤ ቀባችላት። ወደ ቆዳ ሐኪም የደረሰችው ከወራት በኋላ ነው። ሐኪሙ የነገራት አጭር ነበር፤ ቁስሉ ጠባሳ ሆኗል፣ ጠባሳ ደግሞ ጸጉር አያበቅልም። ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ በመሐል አናቷ የመዳፍ ስፋት ያህል ባዶ ነው። ያ ሳሎን ከዚያ በኋላም «የተጎዳ ጸጉር እንጠግናለን» ሲል ቆይቷል።

ይህች ልጅ ብቸኛ አይደለችም። በሴቶች ሐለቃ ውስጥ የሚያስተምሩ እህቶች የሚነግሩን ተመሳሳይ ነው። ግንባራቸውና የጆሮ ግንዳቸው ላይ የሳሳባቸው አሉ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በኬሚካል የደከመ ጸጉር ላይ ጥብቅ ሹሩባ ወይም ቅጥያ ሲሠራበት፣ በዚያም ላይ ሻሽ ሲወጠርበት ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ይመለሳል። ከዘገየ ሥሩ ይሞታል። በጊዜ እንዲደረስበት ግን መታየት አለበት፤ እኛ ደግሞ የማናይ ሕዝብ ሆነናል።

በየመስጊዱ ስለ ሴት ጸጉር ስንት ኹጥባ ሰምተናል? ብዙ። ሁሉም «ይሸፈን» የሚል ነው፤ ትክክልም ነው። ከተሸፈነው በታች ስላለው ቁስል የተናገረ ግን ስንቱ ነው? ጸጉር ያለው ሰው እንዲያከብረው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳዘዙ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የእሳቸውን ጸጉር ታበጥር እንደነበረም የታወቀ ነው። ማክበር መሸፈን ብቻ ነው ያለን ማነው? ጉዳት ይወገዳል የሚለውን የፊቅህ መርሕ ስለ ግብይትና ስለ ጉርብትና ስናስተምር እንጠቅሰዋለን፤ ወደ ልጃችን አናት ሲደርስ ግን «የሴት ጉዳይ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ስለ ሙሽራ ከተነሣ፣ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። አንዲት እናት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ ልጇ ሙሽራ መሆኗን፣ በሕመም ምክንያትም ጸጉሯ መርገፉን ነግራ፣ ቅጥያ ብታደርግላት ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀች። ከለከሏት፤ የምትቀጥለውንም የምታስቀጥለውንም ረገሙ። ከሰው ጸጉር ውጭ ባለው፣ ለምሳሌ በክርና በሱፍ ላይ፣ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ያንን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። ይህን ሐዲስ በሴቶቹ ላይ ብቻ እንደ በትር የሚያነሡት ሰዎች ግን አንድ ነገር ይስቱታል። የዚያች እናት ጭንቀት ከየት መጣ? ሙሽራው ምን ይል ይሆን ከሚለው ነው። ክልከላው ጫናውን ከሙሽራዋ ላይ አንሥቶ ወደ ሙሽራው ያዞረዋል ብዬ አምናለሁ፤ የራሷን ራስ ይዛ ትግባ፣ እሱም እንዳለች ይቀበላት ማለት ነው። ታዲያ ዛሬ ለኒካሕ የሚቀመጡ ሽማግሌዎቻችን ስለ መህር፣ ስለ ወርቅ፣ ስለ ድግስ ሲነጋገሩ «የልጅቷ አናት በሠርጉ ሰበብ በኬሚካል አይነካ» ያለ አንድ ሽማግሌ ሰምታችኋል? የወንድ ወገን ለሳሎን ብሎ የሚልከው ገንዘብ ግን አለ። ለቡና ለቃሚ ሴት የብዙ ቀን ድካም የሆነ ገንዘብ በአንድ ከሰዓት በኋላ አናት ላይ ፈስሶ ይታጠባል።

ሌላም የማይነካ የሚመስል ጉዳይ አለ፤ የራሳችን ሱቆች። ሂና የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ነው፤ ሱናም የሚያውቀው ነው። ንጹሕ ሂና ግን ቀለሙ ወደ ቀይና ብርቱካን፣ ቢበዛ ወደ ቡና ዓይነት ያደላል፤ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። በደቂቃዎች ውስጥ ጥቁር የሚያደርግ «ጥቁር ሂና» ሂና ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ፓራፊኒሊንዳያሚን የሚባል የቀለም ኬሚካል የገባበት ነው። ጎረቤታችን ሱዳን ይህን ዱቄት ከሂና ጋር መቀላቀል ያመጣውን መከራ አይታለች፤ ፊትና ጉሮሮ አብጦ ትንፋሽ የሚዘጋባቸው፣ ወደ ሰውነት ሲገባም ኩላሊት የሚጎዳባቸው ሰዎች በሐኪሞቿ ተመዝግበዋል። በሪላክሰር የተላጠ አናት ላይ ሲደረግ ደግሞ ቆዳው መከላከያውን አጥቷልና የባሰ ነው። ይህ ዱቄት በሂርማታ የሐሙስ ገበያ መደብ ላይ በጨርቅ ተቋጥሮ ሲሸጥ የውስጡን ማን መርምሮ ያውቃል?

ጥቁር አዝሙድ ዘይትም እንዲሁ ነው። ያለውን በረካ የምክድ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን በመስጊድ በር ላይ ተቀምጦ «ይህን ከቀባሽ የረገፈው ሁሉ ይበቅላል» እያለ የሚሸጥ ወንድሜ በጠባሳ ላይ ጸጉር ሲበቅል አይቷል? የጉሎ ዘይትም፣ ቅቤም፣ የወይራ ዘይትም ጸጉርን ያለሰልሳሉ፣ እርጥበቱን ያቆያሉ። ይህ ጥቅም ነው። የሞተ ሥር ግን አያስነሡም። የሳሎኑን ውሸት እየነቀፍን የራሳችንን ውሸት በሐዲስ ጠቅልለን ብንሸጥ ከእነሱ በምን ተሻልን? እንዲያውም እኛ ብሰናል፤ እነሱ የነጋዴ ስም ነው ያጠፉት።

ስለ ውስጥ ደዌም ጥቂት ልበል፤ ማስፈራራት ሳይሆን ማሳወቅ ተገቢ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ከ35 እስከ 74 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 33,497 ሴቶች ወደ 11 ዓመት ገደማ ተከታትለው ያገኙትን አሳትመዋል። የጸጉር መዘርጊያ ኬሚካል ጨርሶ ካልተጠቀሙት ውስጥ እስከ 70 ዓመታቸው በማሕፀን ካንሰር ይያዛሉ ተብሎ የተገመተው 1.64 በመቶ ሲሆን፣ አዘውትረው ከተጠቀሙት ውስጥ ግን 4.05 በመቶ ነው። አዘውትሮ የተባለው በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ነው። ጥናቱ ኬሚካሉ ካንሰሩን አመጣ ብሎ አልፈረደም፤ አብሮ መገኘቱን ነው ያሳየው። ከመቶ ዘጠና አምስት የሚበልጡት አዘውታሪዎችም በዚህ ካንሰር እንደማይያዙ ያው ቁጥር ይናገራል። እኔ ግን በዓመት አራት ጊዜ የሚለውን ሳነብ የሚታየኝ የእኛ ዓመት ነው፤ ሁለት ዒድ፣ አንድ ሠርግ፣ አንድ ምርቃት፣ በመካከሉም «ሥሩ በቀለ፣ ይነካካ» የሚባለው።

«ብራዚሊያን» ወይም «ኬራቲን» እየተባለ በሙቅ ፔስትራ የሚሠራው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሲሞቁ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚደረግበት ፎርማሊን ከእሱ የሚሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መድቦታል። ደንበኛዋ ይህን በዓመት ጥቂት ጊዜ ትተነፍሰዋለች፤ ጸጉር ሠሪዋ ግን በየቀኑ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ መስኮት ተዘግቶ! ጸጉር ሠሪዎቹ ጠላቶቻችን አይደሉም። አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ናቸው፤ ከዐረብ አገር ተመልሰው ባጠራቀሙት ሳሎን የከፈቱ፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆሙ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ። ጓንት ሳያደርጉ የሚሠሩ፣ የጣታቸው ቆዳ የተላጠ ስንት ናቸው! «እንጀራዬን ልትዘጋብኝ ነው?» ያለችኝ አለች። አይደለም። ሹሩባ ሥሪ፣ እጠቢ፣ ቁረጪ፣ ሂና አድርጊ። ልብሽ የማያምንበትን «እጠግናለሁ» የሚለውን ሰሌዳ ብቻ አውርጂ።

መንግሥትም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያ ምርቶችንም በቁጥጥሩ ሥር አድርጓል። በጅማ ከተማ ሰዎች ስለሚጠቀሙባቸው የገላ መጠበቂያ ምርቶችና በቆዳ ላይ ስለሚያመጡት መቆጣት የተደረገ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል፤ ጉዳዩ አልታወቀም እንዳይባል። ነገር ግን የአገልግሎት ዘመኑ የተፋቀ፣ ምን እንዳለበት በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ ዕቃ ከሻንጣ ወጥቶ በየሱቁ ይደረደራል። የጤና ጽሕፈት ቤቶች ምግብ ቤት ገብተው የወጥ ቤት ንጽሕና እንደሚያዩ ሳሎን ገብተው የውሃ በርሜሉን ቢያዩ ምን ይቸግራቸዋል?

እንግዲህ «ታዲያ ምን እናድርግ?» የምትል እህት አለችኝ። ደስ የማይል መልስ ነው ያለኝ፤ መቀስና ትዕግሥት። ኬሚካሉን ማቆም፣ የተሰነጠቀውን ጫፍ በየጊዜው ማስቆረጥ፣ ከሥር የሚመጣውን አዲሱን መጠበቅ። ጸጉር በወር ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ የእኛ ጥቅልል ጸጉር ደግሞ ከዚያ ጥቂት ይዘገያል፣ ስለሚጠቀለልም ያጠረ ይመስላል። ሙሉውን ለመተካት ዓመትና ሁለት ዓመት ይፈጃል። አዲሱ ጥቅልልና አሮጌው ዝርግ የሚገናኙበት ቦታ እጅግ ደካማ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው። ስለዚህ በዚያ ወቅት በጥርሰ ሰፊ ሚዶ፣ ጸጉሩ በቅባት እንደራሰ ከጫፍ ወደ ሥር ቀስ እያሉ ማፍታታት፤ ለቀቅ ያለ ሹሩባ መሠራት፤ ፔስትራን ማራቅ ያስፈልጋል። በሪላክሰር ላይ የፐርም መድኃኒት ፈጽሞ አይደረግ፤ ሁለቱ አይስማሙም፣ ጸጉሩ በእጅ ላይ ይቀራል። ሻሹ ከጥጥ ይሁን፣ ግንባር ላይ አይወጠር፤ ጸጉር ሳይደርቅም አይታሰር።

ትጥበትንም የሚፈሩ አሉ። የተሠራው እንዳይበላሽ ብለው ገላ ሲታጠቡ አናታቸውን የሚዘሉ፣ ከዚያም አልፎ ግዴታ የሆነውን ትጥበት የሚያዘገዩ እንዳሉ እንሰማለን። የተሠራ ሹሩባን ሳይፈቱ ውሃ ወደ ሥሩ ማድረስ እንደሚበቃ ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) የተዘገበው ሐዲስ ይህን አቅልሎልናል። ስለ ሹሩባ የተሰጠውን ማቅለያ ትታ በሳሎን ለተዘረጋ ጸጉር ሶላቷን የምታዘገይ ሴት ካለች፣ ባሏና አባቷ ያችን የሳሎን ገንዘብ ሲሰጡ ምን እንደገዙ ይወቁ።

ራሷ ላይ ክብ ሆኖ የሳሳ፣ የሚያሳክክ፣ የሚያቃጥል ወይም የሚያብረቀርቅ ቦታ ያያች እህት ወደ ሳሎንም ወደ ዘይት ሻጭም አትሂድ፤ ወደ ቆዳ ሐኪም ትሂድ። አዲስ አበባ ለሚቀርባት አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ለእኛም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አለ፤ ከዚያ ጀምሮ መጠየቅ ይቻላል። እናቶች ሆይ፣ ሴት ልጆቻችሁን ቢያንስ በወር አንዴ ሻሻቸውን አስወልቃችሁ አናታቸውን በብርሃን ተመልከቱ። ዛሬውኑ ቅባቱ አናቷ ላይ ሆኖ ማቃጠል የጀመራት ልጅ ካለች ደግሞ ደቂቃው እስኪሞላ አትጠብቅ፤ ቅቤም ቫዝሊንም በላዩ አይደረግ። ወዲያውኑ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጋ ለረጅም ጊዜ ትታጠብ። ጀሪካኑ ካለቀ ከጎረቤት ይለመን።